ፀሐይን ስትከታተሉ ሲያስቸግራችሁ፦ የፊልተር፣ የምስል፣ የቆጠራና የፍንዳታ ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ፀሐይን በትንሽ ቴሌስኮፕ የሚከታተል ሰው ሁለት ዓይነት ችግር ይገጥመዋል። አንዱ የምር ችግር ነው። ፊልተር ይቀደዳል፣ ምስል ይርገበገባል፣ አቅጣጫ ይገለበጣል። ሌላው ችግር ይመስላል እንጂ አይደለም። «የቆጠርኳቸው ነጠብጣቦች (የፀሐይ ገጽ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጥቦች) ሳተላይቱ ከሚያሳየው ለምን አነሱ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ይመደባል። ሁለቱን ካልለያችሁ ያልተበላሸ ነገር ስትጠግኑ ትውላላችሁ። ይባስ ብሎ ደህናውን መዝገብ ራሳችሁ ታበላሹታላችሁ።

ከታች ያሉት በብዛት የሚነሱት ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልተሩ ላይ የብርሃን ጭላንጭል ይታያል፤ ወይም ምስሉ ዓይን ይወጋል

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መጀመሪያ ዓይናችሁን ከቴሌስኮፑ አንሱ፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ትፈልጋላችሁ። የዓይን ውስጠኛው ክፍል ሬቲና ሲቃጠል ሕመም አይሰማም። ስለዚህ «ምንም አላመመኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

የመጀመሪያው ምክንያት የፊልተሩ ቦታ ነው። ፊልተር የሚገጠመው ከፊት ነው፤ ብርሃኑ ቴሌስኮፑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት። አንዳንድ የድሮ ቴሌስኮፖች ዓይን በሚጠጋበት ሌንስ ላይ የምትጠመዘዝ ትንሽ ጥቁር መስታወት ይዘው ይመጣሉ። እሷ የተሰበሰበውን ሙቀት በሙሉ ስለምትሸከም ድንገት ትሰነጠቃለች። አትሞክሯት፤ ጣሏት። የግርዶሽ መነፅርም የተሠራው ለባዶ ዓይን ብቻ ነው። እሱን አድርጎ በቴሌስኮፕ ወይም በባይኖኩላር ማየት ፈጽሞ አይቻልም።

ሁለተኛው ምክንያት የፊልሙ ዓይነት ነው። ለዓይን የሚሆነው ፊልም ድፍነቱ 5 ነው። ይህ ማለት ከ100,000 የብርሃን እጅ አንዷን ብቻ ያሳልፋል። ለፎቶ ብቻ የሚሸጠው ግን 3.8 ነው፤ ወደ 16 እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ያሳልፋል። ምስሉ ዓይናችሁን ከወጋው ጥቅሉ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ።

ሦስተኛው እርጅና ነው። ፊልሙን ከመግጠማችሁ በፊት ሁልጊዜ ወደ ደማቅ አምፖል አዙራችሁ እዩት። ስንጥቅ፣ ጭረት ወይም የብርሃን ነጥብ ካለ ቀይሩት። ጥቃቅኗን ቀዳዳ በጥቁር ቀለም መድፈን ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ፊልም ይተካል፣ ዓይን አይተካም። መጨማደዱ ግን አያሳስባችሁ። ፊልሙ ትንሽ ላላ ብሎ መቀመጥ አለበት። ምስሉ የሚበላሸው እንዲያውም ወጥራችሁ ልታስተካክሉት ስትሞክሩ ነው።

ፊልተሩን ነፋስ እንዳይወስደው በፕላስተር ያዙት። ከጎን ያለችውን ትንሽ አፈላላጊ ቴሌስኮፕም ክደኗት ወይም ፈታችሁ አስቀምጧት። ብዙ ሰው ትልቁን ይሸፍንና እሷን ይረሳል።

ፀሐይን ማግኘት አልቻልኩም

አፈላላጊዋ ከተከደነች በምን ልታነጣጥሩ ነው? በጥላ። ቴሌስኮፑ መሬት ላይ የሚጥለውን ጥላ እያያችሁ አዙሩት። ጥላው በጣም ሲያጥርና ክብ ሲሆን ፀሐይ ላይ ናችሁ። መጀመሪያ ዝቅተኛ ማጉያ ተጠቀሙ። ፊልተሩ ተገጥሞ ከፀሐይ ሌላ ምንም ነገር ስለማይታይ ሙሉ ጨለማ ብታዩ አትደንግጡ።

ምስሉ ይርገበገባል፤ ጥርት አይልም

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ። አንድ ደቂቃ ያህል ሳትነኩት ብቻ እዩ። የፀሐይ ጠርዝ እየተንቀጠቀጠ አልፎ አልፎ ለቅጽበት ጥርት የሚል ከሆነ ጥፋቱ የአየር ነው። ምንጊዜም እኩል ደብዛዛ ከሆነ ግን ጥፋቱ የፎከስ ወይም የፊልተር ነው።

አየሩ ከሆነ መነሻው መሬት ነው። ፀሐይ ከፍ እያለች ስትሄድ መሬቱ ይግላል። ከሱ የሚነሳው ሞቃት አየር ብርሃኑን ያጣምመዋል። አስፋልት፣ ሲሚንቶና የቆርቆሮ ጣሪያ ዋነኞቹ ጠላቶች ናቸው። ሣር ላይ መቆም በጣም ይረዳል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ማለዳ ፀሐይ ከአድማስ ከፍ ብላ መሬቱ ገና ሳይግል ያለው ጊዜ ይመረጣል። የሙቀት ምንጭ ቴሌስኮፑ ራሱም ሊሆን ይችላል። ከቤት እንደወጣ ወዲያው አትዩበት። ጥላ ውስጥ ጥቂት አቆዩት፤ የውጪውን አየር ይልመድ።

ሰው የማይጠብቀው ምክንያት ደግሞ የቴሌስኮፑ ትልቅነት ነው። ትልቅ ሌንስ ወይም መስታወት በቀን ብጥብጡን አየር በሰፊው ስለሚይዝ ምስሉ ይብሳል። ለነጠብጣብ ቆጠራ ከ60 እስከ 100 ሚሊሜትር ይበቃል። ሩዶልፍ ቮልፍ፣ ዛሬ የምንጠቀምበትን የአቆጣጠር ዘዴ ያወጣው ስዊዘርላንዳዊ፣ ለዓመታት የቆጠረው በ80 ሚሊሜትር ሌንስ 64 ጊዜ እያጎላ ነው። ትልቅ ቴሌስኮፕ ያላችሁ ካርቶን ላይ ክብ ቀዳዳ አውጡ። ቀዳዳውን በፊልተር ሸፍናችሁ ከፊት ግጠሙት። ያለቀ ጉዳይ ነው።

ፎከሱን ስታስተካክሉ የፀሐይን ጠርዝ ሳይሆን የነጠብጣቡን ጠርዝ ተከተሉ። ጥቁሩ መሃልና በዙሪያው ያለው ግራጫ ቀለበት በግልጽ መለያየት አለባቸው። ራሳችሁ ላይ ጥቁር ጨርቅ ጣሉ። ከጎን የሚገባው ብርሃን ከቀረ ልዩነቱ ይገርማችኋል። አየሩ ጥሩ በሆነ ቅጽበት የፀሐይ ገጽ ፍሬ ፍሬ መስሎ ከታያችሁ ፎከሱም ፊልተሩም ደህና ናቸው። እያንዳንዷ ፍሬ 1,000 ኪሎሜትር ገደማ ስፋት ያላት የሚፈላ ጋዝ ናት።

ነጠብጣብ ነው ወይስ ቆሻሻ?

አይፒሱን (ዓይን የሚጠጋበትን ሌንስ) በጣቶቻችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ጥቁሩ ነገር አብሮ ከዞረ አቧራ ነው። ወይም ቴሌስኮፑን ነካ አድርጉት። እውነተኛ ነጠብጣብ ከፀሐይ ጋር አብሮ ይወዛወዛል፤ አቧራው ባለበት ይቀራል። ካሜራ ላይ ከሆነ ፀሐይን ወደ ፍሬሙ ሌላ ጥግ አንቀሳቅሱና ሁለቱን ፎቶ አስተያዩ።

በጣም ትንንሾቹ ይከብዳሉ። በሁለት የጋዝ ፍሬዎች መካከል ያለ ጥቁር ክፍተት ትንሽ ነጠብጣብ ሊመስል ይችላል። መለያው ጊዜ ነው። ክፍተቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ ነጠብጣቧ ትቆያለች። ከተጠራጠራችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። አሁንም እዚያው ካለች ቁጠሯት።

ምስሉን ወረቀት ላይ ጥላችሁ የምታዩ ከሆነ ወረቀቱን አንቀሳቅሱት፤ የወረቀቱ ጉድፍ አብሮት ይሄዳል። ይህን ዘዴ ግን በሌንስ ብቻ በሚሠራ ቴሌስኮፕ ላይ ተጠቀሙ። ሌንስና መስታወት አጣምረው የሚሠሩት፣ እነ ሽሚት ካሴግሬን፣ ሙቀቱ ውስጣቸው ተጠራቅሞ ይጎዳቸዋል። ያለ ፊልተር ስለሆነም ሕፃናት ባሉበት ለአፍታም ትታችሁት አትሂዱ።

ሥዕሌ ከሳተላይቱ ምስል ጋር ተገልብጧል

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ብርሃኑን ወደ ላይ የሚያጥፈው መስታወት ነው። ግራና ቀኙን ያቀያይራል። ያለ እሱ ደግሞ ምስሉ ላይና ታቹ፣ ግራና ቀኙ ሁሉ ይገለበጣል። የትኛው ቴሌስኮፕ ምን እንደሚያደርግ መሸምደድ አያስፈልግም። የሚከታተለውን ሞተር አጥፉና ፀሐይ ስትንሸራተት እዩ። መጀመሪያ ከእይታ የሚወጣው ጠርዝ ምዕራብ ነው። ፀሐይ የራሷን ስፋት ያህል ለመንሸራተት 2 ደቂቃ ገደማ ስለሚበቃት ጊዜ አይፈጅም። ወረቀቱ ላይ «ምዕ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ቴሌስኮፑን ጥቂት ወደ ሰሜኑ የሰማይ ዋልታ ገፋ አድርጉት። ፀሐይ በእይታው ውስጥ የሸሸችበት ጎን ደቡብ ነው።

ሌላው ቅሬታ «ነጠብጣቦቹ አግድም መሄድ ሲገባቸው በሰያፍ ይሄዳሉ» የሚል ነው። ይሄ ብልሽት አይደለም። ከምድር ሲታይ የፀሐይ ዋልታ እንደ ወሩ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ዘንበል ማለቱ እስከ 26 ዲግሪ ይደርሳል፤ በኤፕሪል መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ በኦክቶበር መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ። በጃንዋሪና በጁላይ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቀጥ ይላል። የዕለቱን ማዘንበያ ከሠንጠረዥ ወስዳችሁ ሥዕሉን አዙሩት፤ መንገዱ ይስተካከላል። ነጠብጣቡ ከምሥራቅ ጠርዝ ወጥቶ በምዕራብ ለመጥፋት ሁለት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ ይፈጅበታል።

ቁጥሬ ከኦፊሴላዊው ጋር አይገጥምም

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሰናከላል። እስቲ ሰፋ አድርገን እንየው።

ቮልፍ በ1848 በርን ላይ ያወጣው ቀመር ቀላል ነው። የቡድኖቹን ቁጥር በ10 ታባዛላችሁ። የነጠላ ነጠብጣቦቹን ቁጥር ትደምሩበታላችሁ። 4 ቡድንና 19 ነጠብጣብ ካያችሁ 59 ይሆናል። አንዲት ብቸኛ ነጠብጣብ 1 ሳትሆን 11 ናት፤ ምክንያቱም ራሷን ችላ አንድ ቡድን ናት። በጥሬው ቁጥር ከ1 እስከ 10 የሚባል ውጤት የለም። መዝገባችሁ ላይ 3 ወይም 7 ካለ ቡድኑን መደመር ረስታችኋል።

ልዩነቱ ከጥቂት ነጠብጣቦች በላይ ሆኖ ወደ 10 ወይም 20 ከተጠጋ ደግሞ ጥፋቱ የአከፋፈል ነው። አንዱን ቡድን ሁለት ብላችሁታል፤ ወይም ሁለቱን አንድ። ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ መሪ፣ ሌላው ተከታይ። መሪው ትንሽ ወደ ፀሐይ ወገብ ይጠጋል። ሁለት ክምችቶች ከወገቡ በተለያየ ርቀት ላይ ካሉ፣ አንዱ በሰሜን ሌላው ራቅ ብሎ ወደ ወገቡ ከሆነ፣ ሁለት ቡድን ናቸው። በአንድ መስመር ላይ ተጠጋግተው መሃላቸው በጥቃቅን ነጥቦች ከተሞላ አንድ ሳይሆኑ አይቀሩም። ትልልቅ ቡድኖች ከ15 ዲግሪ በላይ ሊዘረጉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ርዝመት ብቻውን አያታልላችሁ። ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ ግን የትናንቱ ሥዕል ነው። ትናንት አንድ ሆኖ የተወለደ ቡድን ዛሬ ስለተለጠጠ ሁለት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቁጥራችሁ ዝቅ ሊል ይችላል። እንግዲህ የማይጠገነው እሱ ነው። የቮልፍ ቀመር ፊት ላይ አንድ ማባዣ አለ፤ ኬ ይባላል። የተቀመጠው ዓይን፣ መሣሪያና አየር ከሰው ሰው ስለሚለያይ ነው። ከ1981 ጀምሮ ዓለም አቀፉን ቁጥር የሚያሰላው ብራስልስ የሚገኘው የቤልጅየም ሮያል ኦብዘርቫቶሪ ነው። በየአገሩ ያሉ ተመልካቾች፣ ብዙዎቹም አማተሮች፣ ጥሬ ቆጠራቸውን ይልካሉ። እዚያ ለእያንዳንዱ የራሱ ኬ ይወጣለታል። ሁልጊዜ በ30 በመቶ የሚያንስ ቆጣሪ ችግር የለበትም፤ ኬው ያስተካክለዋል። የሚያስቸግረው አንድ ቀን የሚያንስ፣ ሌላ ቀን የሚበልጥ ነው። እና በጣም የሚያስቸግረው ደግሞ ፀሐይን የሚከታተለውን የናሳን ሳተላይት፣ የኤስዲኦን፣ ምስል አይቶ ቁጥሩን «የሚያርም» ነው። የዚያ ሰው መዝገብ የሳተላይቱ ግልባጭ ሆነ ማለት ነው፤ ምንም የሚጨምረው ነገር የለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። መጀመሪያ ቁጠሩ፣ በማይጠፋ ቀለም ጻፉ፣ ከዚያ ሳተላይቱን እዩ። ልዩነቱን ለመማር ተጠቀሙበት፤ ለመሰረዝ አይደለም። ቴሌስኮፕ ወይም ማጉያ ከቀየራችሁ መዝገቡ ላይ ቀኑን አስፍሩ። አዲስ መሣሪያ ማለት አዲስ ኬ ማለት ነው። ባይሆን ለተወሰነ ጊዜ በሁለቱም ጎን ለጎን ቁጠሩ።

ከድሮ መጽሐፍ ጋር አልገጠመም ለሚሉ ደግሞ፦ በጁላይ 2015 ተከታታይ ቁጥሩ በሙሉ ታርሟል። ከቮልፍ ዘመን ጋር ለማስማማት ይባዛበት የነበረው 0.6 ተነስቷል። የ24ኛው ዑደት (ነጠብጣቦች በ11 ዓመት ገደማ በዝተው የሚያንሱበት ዙር) ጫፍ፣ ኤፕሪል 2014፣ በድሮው ስሌት 81.9 ሲሆን በአዲሱ 116.4 ነው። ያው ፀሐይ፣ ያው ወር። ሁለቱን እያቀላቀላችሁ ግራፍ አትሥሩ።

ወርሃዊ አማካዬ በጣም ዝቅ ይላል

ደመና የነበረበትን ቀን 0 ብላችሁ ጽፋችኋል። 0 ማለት «አየሁ፣ ምንም የለም» ነው። ያላያችሁበት ቀን ባዶ ይተዋል፤ ሲካፈልም አይቆጠርም። በዑደት ማነስ ጊዜ እውነተኛ ዜሮ ብዙ ነው። በ2019 ፀሐይ ከዓመቱ ቀናት ከግማሽ በላዩን ንጹሕ ነበረች። እሱን ዜሮ አለመጻፍ፣ «ምንም ስለሌለ» ብሎ መዝለል፣ አማካዩን በተቃራኒው ከፍ ያደርገዋል። ሰዓቱን በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ መዝግቡ፤ አለበለዚያ ቀኑ ከሌሎች ጋር ይዛነፋል።

ማንቂያው «ኤም ፍንዳታ» አለ፤ እኔ ምንም አላየሁም

ኤም የፍንዳታ የኃይል ደረጃ ነው፤ ከሱ በላይ ያለው ኤክስ ነው። በተራው ነጭ ብርሃን ፊልተር አለማየታችሁ የሚጠበቅ ነው። በሱ የሚታይ ፍንዳታ በጣም ብርቅ ነው። ሪቻርድ ካሪንግተን ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 ያየው ዓይነት ነው፤ እሱም 5 ደቂቃ ያህል ታይቶ ጠፋ። አብዛኛውን ፍንዳታ ለማየት የሃይድሮጅን አልፋ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ይህ በ656.28 ናኖሜትር ላይ ያለችውን ጠባብ ቀይ መስመር ብቻ ያሳልፋል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለሌሊት ሰማይ ፎቶ የሚሸጡ ሃይድሮጅን አልፋ የሚባሉ ርካሽ ፊልተሮች አሉ። ለፀሐይ አይደሉም፤ ስማቸው እንዳያታልላችሁ።

ትክክለኛው መሣሪያ ኖሮም ገጹ ልሙጥ ቀይ ከሆነ ማስተካከያው ከመስመሩ ወጥቷል። ጠርዝ ላይ ያሉት የነበልባል ቅስቶች እየታዩ ገጹ ባዶ መሆኑ የዚህ ምልክት ነው። ማስተካከያውን በጣም በዝግታ አዙሩ፤ በአንዱ ጎን እስኪያልፍ፣ ከዚያ መለስ። ከመስመሩ መሃል ትንሽ ፈቀቅ ሲል ወደኛ ወይም ከኛ የሚፈጥን ጋዝ ጎልቶ ስለሚወጣ በፍንዳታ ጊዜ ግራና ቀኙን ሞክሩት።

የመጨረሻው ምክንያት መዘግየት ነው። ፍንዳታውን የሚለኩት የጎዝ ሳተላይቶች በኤክስሬይ ነው። ኤክስሬዩም ብርሃኑም 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ተጉዘው አብረው ይደርሳሉ፤ ቅድሚያ የሚያውቅ የለም። ማንቂያው ስልካችሁ ላይ ሲደርስ ጫፉ አልፎ ሊሆን ይችላል።

ትልቅ ፍንዳታ ነበር፤ ማግኔታዊ ማዕበሉ የታለ?

ፍንዳታና የምድርን መግነጢሳዊ መስክ የሚያናውጠው ማዕበል አንድ አይደሉም። ማዕበሉን የሚያመጣው ከፀሐይ ተወርውሮ የሚወጣው የጋዝ ደመና ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ ወደኛ መወርወርም አለበት። ሜይ 2024ን አስታውሱ። በ10 እና 11 የመጣው ከ2003 ወዲህ የመጀመሪያው ከፍተኛ ደረጃ ማዕበል ነበር። ያው የነጠብጣብ ቡድን ሜይ 14 ላይ ከበፊቶቹ ሁሉ የሚበልጥ ኤክስ 8.7 ፈነዳ። ያን ጊዜ ግን በፀሐይ መዞር ምዕራባዊው ጠርዝ ላይ ደርሶ ስለነበር ደመናው በዋናነት ወደኛ አልመጣም። ስለዚህ ከፊደሉ በፊት ቡድኑ የት እንዳለ እዩ።

የራዲዮ መቀበያዬ ላይ ምንም አይታይም፤ ወይም ሁሌም ጩኸት ነው

ደመና ቢኖርም ፍንዳታ ለመያዝ አማተሮች በጣም ዝቅተኛ ሞገድ የሚያሰራጩ የባሕር ኃይል ጣቢያዎችን ይቀበላሉ። ፍንዳታ ሲኖር የላይኛው አየር የታችኛው የአዮን ንብርብር ይጠነክራል፤ የጣቢያው ጉልበትም በድንገት ይለወጣል።

ጣቢያው ጨርሶ ካልታየ የኮምፒውተሩን የድምፅ ካርድ እዩ። በሰከንድ 48,000 ጊዜ የሚለካ ካርድ ከ24 ኪሎኸርዝ በላይ አያይም። በአሜሪካ ሜይን ያለው የከትለር ጣቢያ ልክ 24 ላይ ስለሆነ ያመልጠዋል። የጀርመኑ 23.4 ግን ይገባል። ለከትለር 96,000 የሚለካ ካርድ ያስፈልጋል። ክብ አንቴናችሁንም ጠርዙ ወደ ጣቢያው እንዲያመለክት አዙሩት፤ ፊቱን ከሰጣችሁት አይሰማም።

ጩኸት ከሆነ ምንጩ ቤታችሁ ውስጥ ነው። የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል፣ የኮምፒውተር ስክሪን። አንድ በአንድ እየነቀላችሁ መስመሩን ተመልከቱ። ወንጀለኛው ካልተገኘ አንቴናውን ከቤቱ አርቁት።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ድንገት ወደ ታች ከወረደ ጣቢያው ለጥገና ተዘግቷል። ንጋትና ምሽት ላይ የሚታየው ትልቅ መዋዠቅ ተፈጥሮ ነው። ሌሊት ደግሞ ፍንዳታ አትጠብቁ፤ በእናንተና በጣቢያው መካከል ያለው መንገድ ብርሃን ላይ መሆን አለበት።

እውነተኛ ፍንዳታ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል፣ ከዚያ በዝግታ ይመለሳል። አንዳንዴ መስመሩ ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ወደ ታች ይሰምጣል። ሞገዶቹ ሲገናኙ ስለሚጠፋፉ ነው፤ እሱም ፍንዳታ ነው። መዝግቡትና ሰዓቱን ከጎዝ የኤክስሬይ ግራፍ ጋር አስተያዩት።